ከሥር የምትጠብቅ መርከብ

ሪሐናዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ?

መርካቶ እንደምታውቂው ነው፤ ልገዛ ስለወረድኩት ጨርቅ ስመጣ አወራሻለሁ። ዛሬ ከጁምዓ በኋላ አንዋር መስጊድ አጠገብ አንድ ዲሽ ሻጭ ደጃፍ ላይ ሰው ተሰብስቦ ቴሌቪዥን ሲያይ እኔም ቆምኩ። ሳተላይት የጫነ ሮኬት ሲተኮስ ነው። ትንሽ ቆይቶ የታችኛው ክፍሉ ብቻውን ከሰማይ ተመለሰና ባሕር መሀል በቆመች መርከብ ላይ ቀጥ ብሎ አረፈ። አንድ ተሸካሚ ጭነቱን እንደተሸከመ፣ «ይሄ ምናለሽ ተራ ቢገባ ስንት የከሰል ምድጃ ይወጣዋል» አለ። ባለሱቁ፣ «አይቆራረጥም፤ ጠጋግነው እንደገና ይተኩሱታል» ሲለው ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ልጅሽ ሳዳም ወደ የመን ሲሻገር ጀልባው ከሰጠመ ወዲህ፣ ሬሳው ላልተገኘ የሚሰገደው ሶላት ይሰገድለት ስንልሽ እምቢ ብለሻል። ባሕር የገባ አይመለስም ብዬ ስመክርሽ ከረምኩ። ዛሬ ባሕር ላይ የወረደ ሲመለስ አየሁ። ግን ለብረቱ አስቀድመው መርከብ ልከውለት፣ የሚወርድበትን የሚያይ ሰው አቁመውለት ነው። ለሳዳም ማን ምን ላከ? እዚያ ኮምቦልቻ ሳይቀረቀር የሚያድረው በርሽ ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ፖስት ካርዱ ሞላ፤ ጠርዙ ላይ ነው የምጽፈው። ለጋሼ ጠሃ ሰላም በይልኝ፤ የእግራቸውን ቅባት አግኝቻለሁ። ስመጣ አንቺ ጋ ነው የማድረው። በሩንም ከእንግዲህ አንቺ ስትተኚ ተነስቼ አልቀረቅረውም።

ካሚላሽ