የየሺ አባት ሲመጡ ካሜራው ጠፋ

እሑድ፣ ጥር 19
ደብረ ማርቆስ

ትናንት ይጁቤ ከተማ የቀረጽኩት ሠርግ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ካሜራዬ የፎቶ ነው። የቪዲዮ ካሜራ ለመግዛት አቅሙ ስለሌለኝ በእሱው እቀርጻለሁ፤ ትንሽ ሲቆይ ግን ይግልና በራሱ ይጠፋል። ይህን ለሙሽራዋ ለየሺ አስቀድሜ አልነገርኳትም።

አባቷ ባሏን ስላልወደዱት "ሠርጓ ላይ አልገኝም" ብለው ነበር። የሺ ከቤት ልትወጣ ስትል ግን ማንም ሳያስባቸው በጓሮ በኩል ብቅ አሉ። የሺ ሮጣ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። እልልታው ቀለጠ። ካሜራዬ የጠፋው ያኔ ነው። አንገቴን ደፍቼ ባትሪውን ሳወጣና ሳስገባ ቆየሁ። ቀና ስል አባቷ ሄደዋል።

የሺ መኪና ውስጥ ከገባች በኋላ በመስኮት "አባዬን ቀረጽሽልኝ አይደል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ቪዲዮውን ዛሬ ደጋግሜ አየሁት። ጋቢያቸው ብቅ ይላል፤ ከዚያ ያበቃል። ከሰዓት በኋላ ደወልኩላት።

"የሺ፣ ትናንት ዋሽቼሻለሁ። አባትሽ አልተቀረጹም።"

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አንቺ እዚያው ነበርሽ እኮ። እኔ ተደፍቼ የአባዬን ፊት አላየሁትም። አለቀሰ?" አለችኝ።

አጠገባቸው ቆሜ የማየው ካሜራዬን ነበር።

"ቆይ፣ መልሼ ልደውልልሽ" ብዬ ዘጋሁ። እስካሁን አልደወልኩም።