አለቃዬ ስለ እኔ የነገረቻቸው

ጥር 9

ዛሬም እንደ ሁልጊዜው። የቱታ ጨርቅ አነጠፍን። አለቃዬ ከወዲያኛው የጠረጴዛ ጫፍ፣ እኔ ከወዲህኛው። ሌላ ልብስ ስፌት ቤት ይህን የሚሠሩት ተቀጣሪዎች ናቸው። እኛ ጋ ባለቤቷ ራሷ ናት ጨርቅ የምትይዘው። ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም፤ ለዚህ ነው ሠራተኞቹ በሌለችበት "እትዬ ሜትር" የሚሏት። ብትሰማም ትስቃለች እንጂ አትቆጣም።

ፊት ለፊት ስንቆም ደግሞ አፋችን አያርፍም። ፖለቲካ! ዛሬ ስለ ገበያው መንገድ። የከተማው ምክር ቤት መንገዱን ሊያሰፋ ነውና ዳር ያሉትን ትንንሽ ሱቆች በሙሉ ሊያነሳ ነው። የምርጫው ወሬ ሁሉ እሱ ሆኗል። እሷ የምክር ቤቱ ወገን ናት፣ ሽንጧን ገትራ።

"ከተማ እኮ ነው! ሰው በእግሩ ማለፊያ አጣ!"

"ወንድሜስ?" አልኳት። ታላቅ ወንድሜ እዚያው መንገድ ላይ ጫማ ጠጋኝ ነው።

"ወንድምሽን ማን ጠላው? ሌላ ቦታ ይሰጠዋል።"

"የት?"

"ይሰጠዋላ!"

ይሰጠዋላ... ልመልስላት ነበር። ግን የመቁረጫው ማሽን ሲነሳ ወሬ የለም፣ ደንባችን ነው። ቢላው ጣት ይዞ ይሄዳል። ጨርቁን ቆረጥኩ። ከሰዓት ምሳዋን ከፍላ ሰጠችኝ። እንዲህ ነን እንግዲህ።

ጥር 14

ጉድ ሠራን! ለሆቴሉ አስተናጋጆች የከፈይ ሰደርያ ነበር። ከፈይ እንደ ቱታ ጨርቅ ወዲያና ወዲህ እያጠፉ አይነጠፍም። ፀጉር አለው፤ ወደ ታች ሲተኛ አንድ ቀለም፣ ሲገለበጥ ሌላ ቀለም ነው። ስለዚህ አንዱን ድርብ ቆርጦ፣ ተመልሶ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ጫፍ መጀመር ነው። ይህን እኔ አጥቼው ነው? እሷስ?

እሷ "ሥርዓት የሌለበት ከተማ..." ስትል፣ እኔ "ሰው ያልተጠየቀበት ሥርዓት..." ስል፣ ስትጎትት ሳጥፍ፣ ስጎትት ስታጥፍ፣ እንደ ቱታ ወዲያና ወዲህ አነጠፍነው። ቆረጥኩትም! የመጀመሪያው ሰደርያ ተሰፍቶ ሲመጣ ልብስ ተኳሹ ሽማግሌ ካውያውን አስቀመጠና "ይሄ ግማሹ ቀይ ግማሹ ጥቁር ነው እንዴ?" አለ።

እሷ ወደኔ ዞረች።

"አንቺ ነሽ ያፈዘዝሽኝ!"

"አንቺ ነሽ ያስጮህሽኝ!"

ከዚያ ዓይን ለዓይን ተያየንና... ሳቅ። ሆዳችንን ይዘን። ሽማግሌው "እናንተ ሰዎች ጤነኛ አይደላችሁም" ብሎን ወጣ።

ጥር 15

ለሆቴሉ ሰው "ጨርቁ ከፋብሪካው ሲመጣም እንዲህ ነበር" አለችው። ዓይኗን ሳታሽ! አመናት። አዲስ ከፈይ ራሷ ልትገዛ ነው፤ በእኔ ላይ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

እናቴ የሞተች ጊዜም ይህችው ናት። ሱቋን ዘግታ እኛ ቤት ከረመች። ዕቃ አጠበች፣ ወንበር ተሸከመች፣ ማልቀስ ሲያቅተኝ አብራኝ ዝም አለች። እንዲህ ያለችን ሴት ሰው እንዴት ይጠላል? አንዳንዴ ግን ብጠላት ይቀለኝ ነበር።

ጥር 24

ከፓርቲያቸው አንድ ሰው መጣ። ኮፍያውን ቤት ውስጥም አያወልቅም። ባለኮፍያው ብዬዋለሁ። የከናቴራ ሥራ ይዞ ነው የመጣው። ለምርጫ ሰልፋቸው ነው።

"ሠራተኞቹም ለብሰው ይምጡ" አለ፣ እኛን በጣቱ እያሳየ። እንደ ዕቃ።

ሲወጣ ወደኔ ዞረች። "ለኔ ስትይ..."

"እቆርጣለሁ። ሥራዬ ነው። አልሰለፍም።"

"አንድ ቀን ብትቆሚ ምን ትሆኛለሽ?"

"አንቺ ለኛ ሰልፍ አንድ ቀን ትቆሚያለሽ?"

ሳቀች። "ኧረ ሞቼ ነው!" አለች። በቃ፣ አለቀ ብዬ ነበር።

የካቲት 3

ሰልፉ ዛሬ ነበር። አልሄድኩም። መጋረጃ አጠብኩ።

የካቲት 5

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ጠዋት ባለኮፍያው ገባና እጁን ዘረጋልኝ። ለኔ! "እህታችን፣ ተሻለሽ? እንኳን የኛ ሆንሽ! ቤታችን ቤትሽ ነው።" ሌሎቹ ሠራተኞች ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ምን ልበል? "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ፣ እንደ ጅል።

ከወጣ በኋላ ጨርቅ መጋዘን ውስጥ ያዝኳት። በሩን ዘጋሁት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

ሜትሯን መጠቅለል ጀመረች። ስትጨነቅ እንዲህ ናት። "ያቺ ቆራጭ ለምን ቀረች ብለው ጠየቁኝ። የወንድምሽንም ነገር ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ሰው ይዘሽ እንዴት ሥራ እንሰጥሻለን አሉኝ። ምን ልበል? ታማ ነው አልኩ። ልቧም ከኛ ነው አልኩ።"

"ልቤ ከማን ነው?"

"ወሬ ነው እኮ! አዳንኩሽ እኮ ነው!"

"ከምን?"

"ከመባረር!"

"የምታባርሪኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

ሜትሯን መደርደሪያው ላይ ወረወረችው። ከዚያ "አንቺ ምስጋና ቢስ" አለችኝ። በስንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ምስጋና ቢስ ነኝ? ስለ ከፈዩ ስትዋሽ አብሬ ስቄያለሁ። ይሄንንስ ለምን አልሳቅኩለትም? ከፈይ አይደለሁማ!

የካቲት 6

ወሬ እግር አለው። ወንድሜ ጋ ሄድኩ፤ ተረከዙ የለቀቀ ጫማዬ እሱ ጋ ነበር። ጫማውን አሳምሮ ጠግኖት በፌስታል ሰጠኝ። ቀና ብሎ አላየኝም።

"ሰማህ እንዴ?"

"ከሰው አፍ ሰማሁት፤ አንቺ አልነገርሽኝም።"

"ውሸት ነው! እሷ ናት ያለችው!"

"ታዲያ ለነሱ ውሸት ነው አልሻቸው?"

ፌስታሉን በእጄ አዞርኩት።

"ጫማሽ ደርሷል። የሚቀጥለው ደንበኛ ይቅረብ" አለ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

መንገድ ላይ እያለቀስኩ ተራመድኩ። በሷ ላይ ተናድጄ፣ በሱ ተናድጄ፣ ያን "እግዜር ይስጥልኝ" ባለው አፌ ተናድጄ።

የካቲት 8

"አስተካክዪልኝ" አልኳት። "ምርጫው ይለፍ" አለች።

የካቲት 9

"ምርጫው ይለፍ።"

የካቲት 11

ጨርቅ ስናነጥፍ ዛሬ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ጫፍ ስትስብ እስባለሁ። ተኳሹ ሽማግሌ እንኳ "ኧረ ተጣሉልን፣ ቤቱ ቀዘቀዘ" አለን። ማታ ልትሸኘኝ መኪናዋን አቆመች፤ በእግሬ ሄድኩ። ዝናብ ነበር። እልህ! በስብሼ ገባሁ። ለምን እንዲህ አደርጋለሁ? እምቢ ያልኩት እኔ፣ የረጠብኩት እኔ...

የካቲት 12

ጉንፋን ይዞኛል። ሲያስነጥሰኝ አይታ ከቤቷ ሹራብ አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ምንም ሳትናገር። አላወለቅኩትም፤ በርዶኝ ነበር። ይህች ሴትዮ ልታሳብደኝ ነው።

የካቲት 17

ተናገርኩ።

ባለኮፍያው ለመዝጊያው ሰልፍ ያዘዘውን ሁለተኛ ዙር ከናቴራ ሊወስድ መጣ። እሷ ደረሰኝ ትጽፋለች። እኔ የቁረጣው ጠረጴዛ ጋ ነኝ።

"እህታችን፣ በምርጫው ቀን የኛ ታዛቢ ብናደርግሽስ?" አለኝ።

ታዛቢ! የነሱን ባጅ አንጠልጥዬ፣ ወንድሜ ሊመርጥ ሲመጣ ስሙን ላረጋግጥ? እሷን አየኋት። ዓይኗ "ተዪ፣ ተዪ" ይለኛል። ልተወው ነበር፣ እውነቴን ነው። አንዲት "እሺ" ብቻ ናት።

"እኔ የእናንተ አይደለሁም" አልኩት። "ያን ቀንም አልታመምኩም። የቀረሁት ስላልፈለግኩ ነው። ወንድሜ ከሚነሱት አንዱ ነው። የምመርጠው ሌሎቹን ነው።"

የስፌት ማሽኖቹ ሁሉ ቆሙ።

ሰውየው ወደሷ ዞረ። "እንግዲያው ዋሽተውናል ማለት ነው?"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስለ ራሴ ብቻ የምናገር መስሎኝ ነበር! እሷን ማጋለጤ መሆኑ ትዝ አላለኝም... ወይስ ትዝ ብሎኛል? "እሳቸው እኔን ሊረዱኝ ብለው ነው" ማለት ጀመርኩ። ማን ይሰማኛል። ከናቴራዎቹን አስጭኖ "ስለ ሌላው ሥራ እናስብበታለን" ብሎ ሄደ። ሰላም እንኳ አላላትም።

"ተናገርሽ። ደስ አለሽ?"

"አስተካክዪ ብዬ ስንቴ ለመንኩሽ?"

"ይለፍ ብዬ ስንቴ ለመንኩሽ?"

ሠራተኞቹ ያዩናል። ከሽማግሌው በቀር በሠራተኞቹ ፊት እርስዎ ነበር የምላት፤ ዛሬ ረስቼዋለሁ። እሷም ረስታዋለች።

"ሂጂልኝ" አለች።

"ለዛሬ ነው ለሁልጊዜ?"

ጀርባዋን ሰጠችኝ። መቀሴን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ወጣሁ።

የካቲት 20

አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም።

የካቲት 22

ወንድሜ ጎረቤቶቹን ይዞ መጣ። ፍራፍሬ ምናምን አንጠልጥለው። "አኮራሽን!" "ልክ ልኳን ነገርሻት!" ልክ ልኳን? እኔ ልክ ልኳን አልነገርኳትም! ወንድሜ እቅፍ አድርጎ ሳመኝ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ በገንኩ።

"ላንተ ብዬ አይደለም" አልኩት።

"ታዲያ ለማን ብለሽ ነው?"

"ለራሴ!"

"ምን ሆነሻል አንቺ? አሸነፍሽ እኮ!"

የሠራሁት ነገር የገባው አንድም የለም። ቁረጣዋን አሁን ማን እየሠራላት እንደሆነ የጠየቀም የለም።

የካቲት 27

አዲስ ቦታ ሥራ ጀመርኩ። ወንድሜ የሚያውቀው ስፌት ቤት። ሁሉም የኛ ወገን ናቸው፣ ከባለቤቱ እስከ ዘበኛው። የምናገረውን ሁሉ "እሱስ ልክ ነሽ፣ እሱስ ልክ ነሽ።" ዛሬ ሆን ብዬ "መንገዱ ግን በእርግጥ ጠባብ ነው" አልኩ። ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው። ጠባብ ነው እኮ! ከሷ ጋ ስንት ጊዜ ተጣልቼ አንዴ እንኳ ይህን አላመንኩላትም።

መጋቢት 1

መረጥኩ። ከወንድሜ ጋ ሄደን።

መጋቢት 3

እነሱ አሸነፉ። ወንድሜ ስልክ ዘግቷል።

መጋቢት 8

መጣች።

በር ተንኳኳ፤ ስከፍት ቆማለች፣ ሜትር የለም አንገቷ ላይ። "ግቢ አትዪኝም?" አለች። ገባች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ያለችኝን አንዷን ወንበር ትታልኝ።

"ምርጫው አለቀ። ተመለሽ።"

"አሸንፋችኋል።"

"አዎ አሸንፈናል። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽሽም።" ቀጥላም "ልቧ ከኛ ነው ማለት አልነበረብኝም። ይቅርታ" አለች። እሷ! ይቅርታ! ተኳሹ ሽማግሌ ቢሰማ ካውያው ከእጁ ይወድቅ ነበር።

"ብመለስና ነገ ደግሞ ቢጠይቁሽ፣ ማን ናት ትያቸዋለሽ?"

ልትዋሸኝ ትችል ነበር። "እንጃ" አለች። "ሠራተኞች አሉኝ። ያስፈለገውን እላለሁ መሰለኝ።"

"አልመለስም።"

"ይሁን።"

ተነስታ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ተቀምጣ ቀረች። ከዚያ "ወንድምሽ እኮ ቦታ ይሰጠዋል" አለች። እንዴት ባለ ድፍረት! እዚህ፣ እኔ ቤት!

"የት?"

"ይሰጠዋል ተብሏል..."

"የት? የትኛው መንገድ? የትኛው ሰፈር? ጫማ የሚያሠራ ሰው በሚያልፍበት ነው ወይስ ከከተማ ውጭ ሜዳ ላይ? ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ይሰጠዋል ይሰጠዋል ስትዪ አንድ ቀን ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?"

ጮህኩ። ግድግዳው እስኪሰማ። ጎረቤት "ምንድን ነው?" ብላ መስኮት አንኳኳች። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

"አላውቅም" አለች። "አልጠየቅኩም።" ቀጥላም "እንዲህ ጮኸሽብኝ አታውቂም" አለች።

"አለቃዬ ነበርሽ።"

"እንዴ፣ ስንት ዓመት ስንጣላ አልነበር እንዴ? በየቀኑ!"

"የደመወዝ ሰሞን ካንቺ ጋ አልጣላም ነበር። ፈቃድ ስፈልግም። ልብ አላልሽውም።"

ፊቷ ተለወጠ። ከሁሉ ይህቺ ናት የጎዳቻት። ባለኮፍያው ፊት ያጋለጥኳት ቀን እንኳ እንዲህ አልሆነችም።

"ትፈሪኝ ነበር?"

አይ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልታለቅስ ነው መሰለኝ፣ አሳዘነችኝ።

"አዎ" አልኳት።

አፍንጫዋን በመዳፏ ጠረገች። ቆማ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈለገች። በሩን ከፍታ ግማሽ እንደወጣች ዞረች።

"ቦታው የት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ግን መንገዱ መስፋት አለበት።"

"የለበትም!"

"አለበት! እሁድ እመጣለሁ፣ ገና አልጨረስንም።"

በሩን ድርግም አድርጋ ሄደች። ተናድጃለሁ። አሁን ይህን ስጽፍም ተናድጃለሁ። እሁድ ካልመጣች ራሴ እሄድባታለሁ።