በጠራ ሰማይ ጎርፍ የወሰዳቸው የመሐንዲስ ዘገዬ ተሰማ የሕይወት ታሪክ

መሐንዲስ ዘገዬ ተሰማ ከባቡር ሠራተኛው ከአቶ ተሰማ ወልደ ጻድቅና ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ደስታ በኅዳር ወር ፲፱፻፳፬ ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ተወለዱ። እናታቸው ጡት ሳያስጥሏቸው ስላረፉ ያሳደጓቸው አክስታቸው ወይዘሮ ሰርካዲስ ደስታ ናቸው። ወይዘሮ ሰርካዲስ ፊደል አልቆጠሩም፤ ሰው ግን አሳድገዋል። ይህን ቃል ያስጻፉትም እሳቸው ናቸው።

ዘገዬ በከተማቸው ፊደል ቆጥረው፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ ምህንድስና ተምረው በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. ተመረቁና ድሬዳዋ ተመለሱ። በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ወይዘሮ ሙሉነሽ ካሣን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

ሥራቸው ደቻቱ ነበር። ወንዝ ይባላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ግመል ይታሰርበታል። እሳቸው ግን ላይ ደንገጎ ተራራ ጣሳ ደርድረው የዝናቡን ልክ በዘንግ ይለካሉ። ጎርፍ ሲወርድ ገለባ ይጥሉና ከአንዱ ችካል እስከ ሌላው የሚደርስበትን ጊዜ በሰዓት ይይዛሉ። ከዚያ ቁልቁለቱን፣ የወንዙን ስፋት፣ አሸዋው የሚጠጣውን አስልተው ውሃው ከተማ የሚገባበትን ሰዓት ያወጣሉ። የአክስታቸውን ኩሽና ጣሪያ እንኳ ተዳፋቱን ሳያሰሉ አላሠሩም፤ እስከ ዛሬ ጠብ አላለበትም። ሰዉ ግን «የተሰማ ልጅ ተምሮ ተምሮ በገለባ መጫወት ያዘ» ይል ነበር። ዛሬ ነጠላ አዘቅዝቆ የሚያለቅሰው ይኸው ሰው ነው፤ ስሙን ማንሳት አያስፈልግም።

ትናንት ነሐሴ ፲፩ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.፣ የፍልሰታን ጾም እንደያዙ፣ ከደንገጎ ስልክ ተደወለላቸው፤ እላይ ከባድ ዝናብ ጥሏል። እርሳስ አንስተው አሰሉ፤ ውሃው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይገባል። ሮጠው አሸዋው ላይ ወረዱ። ድሬ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐዩ ይጠብሳል።

«ውጡ! ውሃ እየመጣ ነው!»

ወተት ሻጯ ኹርሲ «ወላሂ ኢንጂነር፣ ውሃው ከየት? ከኪስህ ነው የሚፈሰው?» ብላ ገበያውን ሁሉ አሳቀችባቸው።

«እህቴ ኹርሲ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትስቂብኛለሽ፤ አሁን ወተትሽን አንሺ።»

እየሳቀችም ቢሆን ተነሳች። እሷን አይቶ ሌላው ተነሳ፤ ግመሉም ወጣ።

ሁሉ ወጥቶ ሲያበቃ ተሸካሚው አባባ ኦብሲዬ፣ ጆሯቸው የማይሰማ ሽማግሌ፣ ከወንዙ ድልድይ ሥር ጥላው ላይ ተኝተው ታዩ። ዘገዬ ሰዓታቸውን አዩ። ኹርሲ «ተው! አንተ ራስህ ዘጠኝ አላልክም?» ብላ የሸሚዛቸውን እጅጌ ያዘች። እጅጌው ተቀዶ እጇ ላይ ቀረ፤ ይኸው ዛሬም ይዛው ቆማለች። ዘገዬ ሽማግሌውን ተሸክመው ዳር አደረሱና ለሰው እጅ አቀበሉ። እሳቸው ሳይወጡ ውሃው ደረሰ። በሰዓቱ።

ያልገባን ይህ ነው። ስሌታቸው ስቶ ቢሆን «ሰው ነው፣ ይሳሳታል» ብለን በተጽናናን። አልሳቱም። ምን ያህል ጊዜ እንደቀራቸው ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ አውቀው ገቡ። ትናንት ጠዋት የጫማቸውን ክር ሲያስሩ ያየናቸው ሰው ዛሬ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ምን ይባላል?

በሠላሳ አምስት ዓመታቸው ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ አባታቸውንና አክስታቸውን ትተው ሄደዋል። አባባ ኦብሲዬ፣ አንገትዎን አይድፉ፤ በውድ የተገዛ ዕድሜ ነው፣ ይኑሩበት።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጎርፍም ጥማትም በማይደርስበት በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።

ለቀስተኛ ሆይ፣ ሰማዩ ዛሬም ጠርቷል። ስትመለሱ አሸዋውን አታቋርጡ፤ በድልድዩ ሂዱ።