ስለ ጥጃዋ ግጥምና በድንገት ስለጠፋው መብራት

ለክቡር አቶ ቀለመወርቅ
የጎህ አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ
መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ ደረጃ ሲወጡ እንዳይከዳዎት፣ ዓይንዎም ያለ መነጽር ቁልፍ ለይቶ እንዲቆልፍ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የአማርኛ መምህርቷ ሐረገ ወይን፣ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ። በግል የጻፍኩልዎት መልስ ስላጣ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ባለፈው ሰሞን ቅዳሜ ከሰዓት ስለ ጎልማሳነትና ስለ ልጅነት ባሰናዳነው የቀልድ ግጥም ንባብ ላይ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ስላከበሩን አመሰግናለሁ። ስለ ገዛ ቦርጬ የጻፍኩትን ሳነብ ሰው ሁሉ ሲስቅ፣ እርስዎ ቀስ ብለው ኮትዎን ሲቆልፉ አይቻለሁ። ያኔ ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት፤ አሁን ግን እጠራጠራለሁ።

ሁለተኛ፣ ቀጥሎ ያነበብኩት ሌሊት አጎዛውን አርጥቦ ጠዋት በጥጃዋ ስላሳበበ ልጅ ነበር። ልጁ ታናሽ ወንድሜ ምስጋናው ነው፤ ከአርብ ገበያ ከተማ ድረስ መጥቶ፣ ከኋላ ተቀምጦ፣ እንባው እስኪወርድ በራሱ ይስቅ ነበር። እርስዎ ግን በንባቡ መካከል ብድግ ብለው፣ «ያ ልጅ እኔ አይደለሁም፤ ጥጃዋም የእኛ አልነበረችም» አሉ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እርስዎን ያሰበ አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከተማው ሌላ ሰው ማሰብ ተስኖታል። ለግጥሜ ስላደረጉት ትብብር ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሦስተኛ፣ እርስዎ ተቆጥተው በወጡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ መብራቱ ጠፋና መስኮት አልባው አዳራሽ ጨለመ። መብራት መጥፋቱ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የገረመኝ፣ ግድግዳ የሚጋራን ፀጉር አስተካካይ ማሽኑን ሳያቋርጥ መላጨቱ ነው። ኤሌክትሪኩ በራሱ ፈቃድ ግጥም ጠልቶ ከሆነ በትሕትና እንዲመረመርልኝ እለምናለሁ።

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ በዚያ ጨለማ ወረቀታቸውን እንደያዙ ቀሩ። እኒህ እናት ባላቸው ከሞቱ በኋላ፣ ልጅ ድረው፣ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል የቆጠሩ ናቸው። ሰው ፊት ቆመው ሊያነቡ ሲሉ የመጀመሪያቸው ነበር። ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና፣ መንገድ ላይ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «የእኔ ነገር ባይነበብም ይሆናል» አሉኝ። እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ቀልድ የለኝም።

አራተኛ፣ በማግስቱ አዳራሹ «ለጥገና» ተብሎ ተቆለፈ። ከዚያ ወዲህ መዶሻ የያዘ ሰው ሲገባ ያየ የለም። ወደፊትም እያንዳንዱ ግጥም ስለ ማን እንደተጻፈ አስቀድሞ እንዲገለጽልዎት ማዘዝዎን ሰምቻለሁ። ስለ ቦርጬ የጻፍኩት ስለ ቦርጬ መሆኑን በምን ማስረጃ ላረጋግጥ?

የሆነው ሆኖ፣ በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አቶ ፈንታ የወፍጮ ቤታቸውን ግቢ ፈቀዱልን። ወፍጮው ዕረፍት ላይ ስለነበር ሰው በየጆንያው ላይ ተቀመጠ፤ ቦታ ያጣው አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ወረቀታቸውን ከመቀነታቸው አውጥተው፣ ወንድሞቻቸው ፊደል ሲማሩ ከበር ጀርባ ስለምትሰማ ሴት ልጅ አነበቡ፤ ሀሁን በልጅነቷ በጆሮዋ ሰርቃ፣ ካረጀች በኋላ በመነጽር ያዘችው። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ወደ እሳቸው ጠጋ ጠጋ አለ። ከዚያም ይደገም አሏቸው፤ እሳቸውም ደገሙት። ሁለተኛውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

ስለዚህ አዳራሽዎን በመቆለፍ ሰፊ ግቢ ስላስገኙልን የሁላችንንም ምስጋና በአክብሮት አቀርባለሁ። ጥገናው በእርጋታ፣ ያለ ጥድፊያ፣ እንዲፈጸምልዎ እየጸለይኩ፣

ክብርዎን ከሩቅ የምጠብቅ
ሐረገ ወይን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ፍቅርተ ለሚቀጥለው እሑድ ሊያነቡ ስማቸውን ሰጥተዋል። በትእዛዝዎ መሠረት ግጥሙ ስለ ማን እንደሆነ ጠይቄያቸው፣ ስለ ማንም አይደለም ብለው ረጅም ሳቅ ሳቁ። ርእሱን ብቻ ነግረውኛል፤ «ሃምሳ የሞላው ልጄ» ይላል።