ቢጫው ሥር የጎደለበት መድኃኒት

ይድረስ ከወንዙ ማዶ ላለኸው ወዳጄ፣

እንዴት ከርመሃል? ታንኳህስ፣ ያ የማይለቅህ ሳልስ? እኔ ከሞት ደጅ መለስ ብዬ ደህና ነኝ። ድምፅህን ካጠፋህ ወዲህ ግን ተቀይሜሃለሁ።

ጎርፉ ከሸሸ በኋላ መንደሩን የደም ተቅማጥ መታው። የሟቹ ባሌ አባት፣ ሐኪሙ አባባ ሉ፣ የደም ሥር ትርታ ሲያዳምጡ እጃቸው ከሰው የእጅ አንጓ ላይ አልነሣ አለ። አማቴ (ከፊቷ እንጂ እዚህ አንቱ አልላትም)፣ "አንቱ ሰውዬ፣ የሮማን ልጣጭ ቀቅለው ተቅማጡን ይዝጉላቸው እንጂ!" እያለች ትጨቀጭቃቸዋለች።

"ሌባው ቤት ውስጥ ተቀምጦ በር ይዘጋል እንዴ? ሆድ የገባው ሙቀትና እርጥበት መጀመሪያ ተጠርጎ ይውጣ!" ይሏታል።

ስለዚህ ለሁሉም ጠራጊውን ቢጫ ሥር፣ ዳኋንግን ያዝዛሉ። የምከትፈው እኔ ነኝ። ያልሰጡት ለአንጥረኛው ሚስት ብቻ ነው፤ እሷም ሆዷ ገፍቷል።

ከዚያ እኔም ወደቅሁ። አባባ ሦስት ጣታቸውን አንጓዬ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሌላውን ሰው ቶሎ ይለቁ ነበር። የእኔን ግን ግራውን ይዘው ቆዩ፣ ቀኙን ያዙ፣ እንደገና ወደ ግራው ተመለሱ። ፈራሁ፤ እሞታለሁ ብዬ ግን አይደለም።

ጥቅሉን ስፈታው ዳኋንግ የለበትም። ሙቀት የሚያበርደው መራራ ሥርና ቁርጠት የሚያስታግሰው ነጭ ሥር ብቻ ነው። አማቴም አየች።

"ምነው ለሷ ሲሆን ሰሰቱ? ወይስ እመቤቲቱ ቢጫ አይስማማቸውም?"

አባባ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ "እንግዳ በተኛበት ቤት ሌባ በዱላ አይባረርም" አሏት።

"የምን እንግዳ?"

"ሆዷ ደካማ ነው አልኩሽ! ይልቅ ሩዝሽ እያረረ ነው።"

እየተነጫነጨች ወጣች። እኔ ፊቴን ከጽዋው ሳላነሣ አለቀስኩ።

አሁን ተሽሎኛል። አባባ ከራሳቸው ሳህን እንቁላል እያነሡ ለእኔ ያደርጉልኛል። ዛሬ አማቴ ገበያ ስትወጣ ጠሩኝና፣ "ያ ታንኳ ቀዛፊ በጓሮ መመላለሱን ይተው። ውርጭ ሳይወርድ አማላጅ ይዞ በፊት ለፊት በር ይግባ" አሉኝ። መሬት እንድትውጠኝ ተመኘሁ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። "ወንድ ልጄን ቀበርኩ። ሴት ልጄን ግን መዳር አያቅተኝም" አሉኝ።

ወዳጄ፣ እኚህን ሰው እንዳታሳፍርብኝ። አማቴ ዓይኗ ንቁ ነው፣ ቀሚሴም ሰፊ አይደለም። ቶሎ ና።

ወንዙ ይርጋልህ፣ ንፋሱም ወደዚህ ይግፋህ።

የአባባ ሉ ሴት ልጅ