ያልተገኘው ሰው ሦስት ደቂቃ

ሰኞ

ዛሬም የጥሪ መዝገቡ ላይ «አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ። መምህር ለሜሳ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ቀበሌው እየፈለገው ነው። እኔ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ሸምሱ ሱቅ፣ ከጨው ጆንያዎቹ ጀርባ።

ሚስቱ ጫልቱ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከጊምቢ ስልክ ቤት ትደውላለች። እኔ እዚህ ነቀምቴ የስልክ ማዞሪያው ላይ ገመዱን እሰካለሁ። ሸምሱ ገበያተኛው እንዲሰማ «ለሜሳ የሚባል የለም!» ብሎ ይጮህና ስልኩን ይዞ ወደ ጆንያዎቹ ይሄዳል። ለሜሳ ትንፍሽ አይልም። የስልኩን አፍ በጥፍሩ ሁለቴ ይመታል፤ አለሁ ማለቱ ነው። ከዚያ እሷ ስለ ላሟ ታወራለች።

ሁሉን የሚሰማ፣ ለማንም የማይታይ። እንዲህ ያለውን እስካሁን የማውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነበር፤ እሱ ግን ከጨው ጀርባ አይቀመጥም።

ማክሰኞ

ከቀበሌ አንድ ጓድ መጣ። ወንበር ስጡኝ አላለም፣ የእኔን ወሰደ። ለሜሳን የጠየቀ ሁሉ መዝገብ ላይ ይስፈር፣ ዓርብ መጥቼ አያለሁ አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አጠገቤ ነበር። ሳልሰካ «አልተገኘም» አልኳት።

«እሺ ኦቦሌቲ፣ እሺ እህቴ» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። ሁለቷን ምት ሳትሰማ ዋለች።

ረቡዕ

ጓዱ የለም። ሰካሁ። ሁለት ምት። ጫልቱ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ላሟ መውለዷን ነገረችው። መዝገቡን እንደ ልማዴ ሞላሁ።

ሐሙስ

እንደ ልማዴ! አለቃዬ ኦቦ ገመቹ ሊፈርሙ መዝገቡን ገልጠው ረቡዕ ላይ ቆሙ።

«ያልተገኘ ሰው፣ ሦስት ደቂቃ?»

በራሴ ጽሕፈት፦ አልተገኘም፤ ደቂቃ፣ ሦስት። አሥራ አንድ ዓመት ደቂቃ ሳልዘል የጻፍኩት ለዚህ ኖሯል።

«እሷ ናት ያወራችው» አልኩ።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ነገ ጓዱንም እንዲህ ልትዪው ነው? እኔንም አንቺንም አንድ ክፍል ይቆልፍብናል!» በዚያው ቀለም ከጎኑ ጨመሩበት፦ መስመር ሲፈተሽ። ቀና ሳይሉ «ሰውየው እዚያ አይክረም» አሉ።

ከሥራ ስወጣ ጨው ልገዛ ሸምሱ ጋ ገባሁ። ቤቴ ያለው ጨው ለዓመት ይበቃል።

ዓርብ

ጓዱ መዝገቡን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ረቡዕ ላይ ጣቱ ቆመ። የእኔ ልብ ቀድሞ ቆሟል።

«መስመሩ ምን ሆኖ ነው?»

«ይንጫጫል፣ ጓድ።»

«የእኛም ይንጫጫል፤ የእኛን ማን ይፈትሽ?» ብሎ ገጹን ገለበጠ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሸምሱ «የለም!» አለ። ዛሬ እውነቱን ነው። ማለዳ ለሜሳን የጨው መኪና ላይ አሳፍሮ ወደ መንዲ ልኮታል። ኬላውን ይለፍ አይለፍ የሚያውቅ የለም። ለጫልቱ ምንም ማለት አልቻልኩም፤ ጓዱ ወንበሬ ላይ ነው።

ቅዳሜ

ምሳ አልበላሁም። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የመንዲዋ ኦፕሬተር ጠራችኝ። «አንድ ሰውዬ አለ፣ ነቀምቴን አገናኚኝ ብሎ ጽፎ ሰጠኝ፤ አይናገርም» አለች።

«ማን ልበል?» አልኩ። ዝም። «ማንን ልጥራልህ?» ዝም። ከዚያ ሁለት ምት።

ጫልቱ በዚህ ሰዓት ጊምቢ ስልክ ቤት ቆማ ተራዋን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። ሰካሁ። አልሰማሁም። እሺ፣ ትንሽ ሰማሁ፦ ጥጃዋ ሴት ናት።

መዝገቡ ላይ «ደዋይ» ከሚለው ሥር «አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ። የደቂቃውን ቦታ ባዶ ተውኩት።