አባዬን የገደለው ዘፈን

ይድረስ ለወንድሜ ለዴልበርት፣ አላስካ

ለጤናህ እንደምን አለህ? ያ የባሕር ብርድ አሁንም ጉልበትህን ይቆረጥምሃል ወይ? የመርከቡ ምግብስ ተስማማህ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ባለቤቴ ሄርሸልም ከወገቡ በስተቀር ደኅና ነው። የአባዬን ሞት በስልክ ስነግርህ ሁለታችንም ከልቅሶ በቀር አልተነጋገርንም፤ እግዚአብሔር ያጽናህ። አሁን የእህታችንን የኦፓልን ነገር ከሥሩ ልጻፍልህ፤ እስከ ዛሬ ቂም እንደያዝክባት አውቃለሁና።

መቼም የቤታችንን ነገር አታጣውም። ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር ያደገች ልጅ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ጊታሯን አንጠልጥላ የዘፋኞቹ ከተማ ናሽቪል ገባች። ሳህን አጠበች፣ መጠጥ ቤት ዘፈነች፣ የሚሰማት አጣች። ከዚያ ያን ዘፈን አወጣች፦ ከሰል ቆፋሪው አባቷ ጉድጓድ ተደርምሶበት፣ መብራቱን በእጁ እንደያዘ፣ ስሟን እየጠራ ሲሞት። አገር አለቀሰ። ስሟ የተጻፈበት አውቶቡስ፣ የብር ቀለም ቦት ጫማ፣ ሦስት ባሎች፣ ሁሉም የመጣው በዚያ ዘፈን ነው። ባሎቹ ሄደዋል፤ ቦቱ አለ።

አባዬ ግን በዚያው ሰሞን ጠዋት ጠዋት የምሳ ዕቃውን ይዞ ጉድጓድ ይወርድ ነበር። ጓደኞቹ "ሟቹ መጣ! ኧረ ለሟቹ ቦታ ልቀቁ!" እያሉ ይስቁበታል። እሱ አልሳቀም። ቆፋሪ ከመሬት በታች እያለ ስለ ሞቱ አይወራም፤ "የገዛ ልጄ አሟረተችብኝ" አለ። ሬዲዮኑ ያን ዘፈን ሲጀምር ብድግ ብሎ ያጠፋዋል። ኦፓል ልትጠይቀው ስትመጣ ስለ ዝናብና ስለ ባቄላ ያወራታል እንጂ ስለ ዘፈኑ ትንፍሽ አይልም። እሷም የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን ሰምቶላት ይቅር እንዲላት።

ነሐሴ ላይ ሳንባው እምቢ ሲል ጠራኋት። የወንዙ ድልድይ አውቶቡሷን አላሳልፍ ቢል እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ሆና በእግሯ መጣች። በረንዳው ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። አባዬ የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫው ነቀለና "ምነው፣ ጊታርሽስ? በይ ያችን መግደያሽን አምጪያት" አላት። እኔ ክው አልኩ።

ጊታሯ አውቶቡሱ ውስጥ ቀርቶ ነበርና በባዶ ድምጿ ጀመረች። ጉድጓዱ የሚደረመስበት ላይ ስትደርስ አቋረጠችው። "በይ ጨርሺው እንጂ!" አለ አባዬ። "ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትገድይኝ ኖረሽ ዛሬ አፈርሽ?" እያለቀሰች ጨረሰች። ትንሽ አሰበና "ዜማውስ ደግ ነው። ግን መብራት በእጅ አይያዝም፤ ቆብ ላይ ነው የሚሰካው። በምን እጄ ልቆፍር?" አላት። ቀጥሎም "ለማንኛውም አሁን ከጉድጓዱ ወጥቻለሁ፤ ሟርትሽ አያገኘኝም። ነይ ሳሚኝ።" አላት፤ ጎንበስ ብላ ሳመችው።

በሦስተኛው ሳምንት አረፈ። ቀብሩ ላይ ሕዝቡ ሁሉ ያን ዘፈን ሲጠብቅ ነበር፤ ሰባኪውም ዓይን ዓይኗን አያት። ራሷን ነቀነቀችና ከእኛ ጋር መዝሙር ብቻ ዘመረች። አንዳንዱ "ኮራች" ብሏል፤ ይበል።

ባለፈው ቅዳሜ እኔና ኦፓል የመቃብሩን አረም ስንነቅል አንድ ሰውዬ ሚስቱን ይዞ ከኦሃዮ መጣ። የዘፈኑን አባት መቃብር ፈልጎ ነው። ኦፓል ሻሽ ጠምጥማ ስለነበር አላወቃትም። ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን አነበበና ቅር አለው። "እመቤቶቼ፣ ዓመቱ ተሳስቷል እኮ! ሰውየው ከሞተ ስንት ዘመኑ! ዘፈኑን አታውቁትም እንዴ?"

ኦፓል ቀና ሳትል "እናውቀዋለን፤ የተሳሳተው ዘፈኑ ነው" አለችው።

ሄርሸል ሰላም ይልሃል። አክስት ዞላ መነጽሯ ጠፍቶባት ነው እንጂ ራሷ ትጽፍልህ ነበር። ኦፓልም ትስምሃለች፤ እኔ ቤት ናት። የአባዬን የጉድጓድ ቆብ ከነመብራቱ ለእሷ ሰጥቻታለሁና ቅር እንዳይልህ።

እህትህ ቨርና
ላውረል ክሪክ፣ ኬንታኪ
ኦክቶበር 9 ቀን 1994